ልቡን የታመመ ሰው ይራመድ

በዚህ አዳራሽ ግፊት ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ወይም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቤቱ የሚያስታምም ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ንግግሬ ከሁሉ በፊት ለእነሱ ነው።

ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። የልብ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ሕክምናው አያልቅም፤ ገና ግማሽ ላይ ይደርሳል። ቀሪው ግማሽ የሚሠራው በእግር፣ በማዕድ ቤት፣ በመድኃኒት ሰዓትና በቤተሰብ እጅ ነው። ይህ ቀሪ ግማሽ የራሱ ሥርዓትና ባለሙያ ያለው ሕክምና ሲሆን የልብ ማገገሚያ ይባላል። ድሬዳዋ ይህን ሕክምና መጀመር ትችላለች፤ ለመጀመር የሚያስፈልገውም አብዛኛው ነገር በእጃችን አለ። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

አንድ አባት እናስብ። ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ የከዚራ ሰፈር ሰው ናቸው። ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ታከሙ፤ ተሽሏቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ቤተሰቡ ደስ ብሎት አልጋቸውን ወደ ሳሎን አወጣ። ውኃ ሲፈልጉ ልጅ ይሮጣል። መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይደግፋቸዋል። ጠያቂ ይመጣና «አባባ፣ እንዳይነሱ! ልብ እኮ ነው» ይላል። አንዷ ጎረቤት ገንፎ በቅቤ፣ ሌላዋ አጥሚት ይዛ ትገባለች። መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ካማራቸው ባጃጅ በር ላይ ይቆምላቸዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። ሁለት ወር ሲሞላ ግን እኚህ ሰው ከወንበር ለመነሳት የሰው ክንድ ይፈልጋሉ፤ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂት ደረጃ ወጥተው ያለከልካሉ። ቤተሰቡም «ልባቸው ባሰባቸው» ብሎ ይበልጥ ያስተኛቸዋል።

በብዙ ቤት ሕመምተኛውን እንዲህ የሚያደክመው አልጋው ነው። ልብ ቢሻለው እንኳ ጡንቻ ከሟሸሸ፣ እስትንፋስ ካጠረ፣ መንፈስ ከወደቀ ሰውየው አልዳነም።

በዚህ ቤተሰቡን አንውቀስ። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ይህንኑ ያዝዙ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ብዙዎቻችን «ሃርት አታክ» የምንለው፣ የደረሰበት ሰው ለስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ከአልጋ እንዳይወርድ ይነገረው ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ አንስተው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚጠቅም ጻፉ። ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነበር።

በዓመቱ በ1953 እ.ኤ.አ. ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ያጠናበትን ውጤት አሳተመ። የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ቲኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሞሪስ እንዳገኘው በልብ ሕመም የሚጠቁት ሾፌሮቹ ከቲኬት ቆራጮቹ ይበልጡ ነበር፤ ቲኬት ቆራጮቹ ቢታመሙ እንኳ ሕመሙ ይቀልላቸው ነበር። መኪናው አንድ፣ ከተማው አንድ፣ መሥሪያ ቤቱም አንድ ነው። ትልቁ ልዩነት ደረጃው ነበር።

ሌላም ልጨምር። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለምርምር ሲባል ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ተኙ። ሲነሱ የሰውነታቸው የመሥራት አቅም ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ እንደገና ተመረመሩ። በወጣትነታቸው ያ የሦስት ሳምንት አልጋ ያደረሰባቸው ድካም የ30 ዓመት ዕድሜ ካደረሰባቸው ይበልጥ ነበር። ጤነኛውን ወጣት እንዲህ ካደረገው የታመመውን አዛውንት ምን እንደሚያደርገው ለእናንተ እተወዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ምርምር ተደርጓል። በ2016 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ተመራማሪዎች 63 ጥናቶችንና ከ14,000 የሚበልጡ የልብ ሕመምተኞችን ታሪክ በአንድነት መረመሩ። በእንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ማገገሚያ ካላገኙ 1,000 ሰዎች መካከል 104 ያህሉ በልብና በደም ሥር ሕመም ሲሞቱ ካገኙት መካከል የሞቱት 76 ያህል ናቸው። ተመልሶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ቁጥርም ከ307 ወደ 261 ወርዷል። ይህን ያህል ጥቅም ያለው ክኒን ቢገኝ ኖሮ ሁላችንም በፋርማሲ በር ተሰልፈን እንጠይቅ ነበር። ሆኖም በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በዓለም ላይ ከተቆጠሩ 203 አገሮች ይህን አገልግሎት የሚሰጡት 111 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮችም ከሌላቸው ወገን ነበሩ።

ለመሆኑ ይህ ማገገሚያ በተግባር ምን ይመስላል? ብዙ ሰው ስፖርት ቤትና ውድ የመሮጫ ማሽን ይታየዋል። እኔ የማሳያችሁ ግን የሆስፒታል ኮሪደር ነው።

ኮሪደሩ 30 ሜትር ይሁን። በሁለቱ ጫፎች ምልክት ይደረጋል፤ መሀል ላይ ወንበር ይቀመጣል። ነርሷ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የአባታችንን ግፊትና የልብ ምት ይለካል፤ ጣታቸው ላይ ትንሿን የኦክስጅን መለኪያ ያደርግላቸዋል። ከዚያ «አባባ፣ ለስድስት ደቂቃ በራስዎ ፍጥነት ይሂዱ። ሩጫ የለም። ከደከመዎት ቆመው ይረፉ፤ ሲሻልዎት ይቀጥላሉ፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም» ይላቸዋል። አባባ ይሄዳሉ፤ ግድግዳውን ይዘው ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ይሄዳሉ። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ የሄዱት ርቀት በሜትር ይመዘገባል። ያ ቁጥር መነሻቸው ነው። ከሳምንታት በኋላ በዚያው ኮሪደር ሲለኩ 30 ሜትር ያህል ቢጨምሩ እንኳ በሕክምናው ዓይን ትርጉም ያለው ለውጥ ነው። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ሰዓት፣ ሜትር፣ ወንበር፣ የግፊትና የኦክስጅን መለኪያ፣ እንዲሁም የሠለጠነ ሰው ነው።

ከዚህ ልኬት ተነስቶ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ መጠን ይታዘዝለታል። ለአንዱ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ቤት ውስጥ መመላለስ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ። ምድር ባቡር የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፦ ከትልቅ ጥገና የወጣ ባቡር በዚያው ቀን ሙሉ ጭነት አይጎትትም፤ መጀመሪያ ባዶውን ይሞከራል፣ ድምፁ ይደመጣል፣ ከዚያ በልክ ይጫንበታል። ጥገና ክፍል ውስጥ ቆሞ እንዲዝግ ግን ማንም አይተወውም። ልብም እንዲሁ ናት። አበው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

መጠኑ መብለጡን በምን እናውቃለን? ቀላሉ መለኪያ አንደበት ነው። እየተራመዳችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ከቻላችሁ ልኩ ነው። ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሱ ትንፋሽ ካቋረጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ። ዘፈን ማዜም ከቻላችሁ ደግሞ ትንሽ ጨምሩ። በልብ ምት ብቻ መመራት አንዳንዴ ያሳስታል፤ ምክንያቱም የልብ ምትን ሆን ብለው የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ። ስትጀምሩ አሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ አሟሙቁ፤ ስትጨርሱም በዝግታ እየቀነሳችሁ አቁሙ እንጂ በድንገት አትቀመጡ።

እንቅስቃሴው ግን አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ማገገሚያ የሚባለው ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠርን፣ ሲጋራ ማቆምን፣ አመጋገብን፣ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድንና አእምሮን ማረጋጋትን አንድ ላይ የያዘ ነው። በሠለጠነ ቡድን ክትትል ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፤ ልማዱ ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ደስ የሚለው ደግሞ በቤት ውስጥ፣ በስልክና በጉብኝት ክትትል የሚደረግ ማገገሚያ በማዕከል ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው በጥናት መታየቱ ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ማዕከል እስኪሠራ መጠበቅ የለብንም ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የልብ ሕመም ሲባል የሀብታምና የሽማግሌ በሽታ የሚመስለን ሰዎች አለን። በኢትዮጵያ ግን የብዙ ወጣቶችን፣ በተለይም የሴቶችን ልብ የሚጎዳው ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። አንዲት ልጅ ቶንሲል ትታመማለች፤ በወጉ ሳትታከም ትቀራለች፤ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ ያተኩሳታል፤ ያም ያልፋል። የልቧ በሮች ግን ተጎድተው ይቀራሉ። ችግሩ የሚታወቀው ልጅቷ አድጋ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት፣ ወይም ስታረግዝ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው።

ለእነዚህ ልጆች በአገራችን ታላቅ ሥራ ተሠርቷል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ልጆችን ወደ ውጭ ልኮ ሲያሳክም ቆይቶ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የራሱን የልብ ማዕከል ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጆች እዚሁ አገራቸው ላይ ታክመዋል፤ ወረፋ የሚጠብቁት ግን አሁንም በሺዎች ይቆጠራሉ። ከድሬ ተነስቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ቀዶ ሕክምና አግኝቶ የሚመለስ ልጅ እዚህ ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል? እዚህ ላይ ነው ማገገሚያው የሚያስፈልገው። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የተባለውን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሳያጓድል መወጋት አለበት። ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመለት ከሆነ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ በየቀኑ ይወስዳል፤ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል። ለራስ ምታት ወይም ለጀርባ ሕመም ብሎ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝቶ ቢውጥ ደም ሊፈሰው ይችላል። እግር ኳስ መጫወት ቢያምረው ግጭት ያለበትን ጨዋታ ትቶ በመራመድ፣ በሳይክል፣ በቀላል ሩጫ እንዲጠነክር ማስተማር የእኛ ፈንታ ነው። ትምህርት ቤቱም «የልብ ሕመምተኛ ነህ» ብሎ ጥላ ሥር እያስቀመጠ አያሳድገው፤ ሐኪሙ የፈቀደለትን ያህል ከጓደኞቹ ጋር ይንቀሳቀስ።

በሌላ በኩል ግፊትና ስኳርም በከተሞቻችን እየሰፉ ናቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ግፊት አያምም። ሳያምም ዓመታት ቆይቶ አንድ ቀን ልብን፣ አንጎልን ወይም ኩላሊትን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ለታመሙት ብቻ አይደለም፤ ወደ ሕመሙ እየተጓዝን ላለነውም ነው።

የድሬን ነገር ደግሞ ድሬን በሚያውቅ ሰው አፍ መናገር ያስፈልጋል። አውሮፓ የተጻፈ መመሪያ «በቀን ግማሽ ሰዓት ውጭ ተራመድ» ይላል። እዚህ በግንቦት እኩለ ቀን ልብ ሕመምተኛን ውጣና ተራመድ ማለት ጉዳት ነው። ላሲክስና ሌሎች ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው በሙቀት ላይ ላብ ሲጨመርበት ውኃውና ጨው መሰል ማዕድኖቹ ከመጠን በላይ ይጎድሉበታል፤ ያዞረዋል፣ ይወድቃል፣ የልቡ ምት ይዛባል። በተቃራኒው የልብ ድካም ያለበት ሰው ውኃ አብዝቶ ከጠጣ ያብጣል። ስለዚህ በቀን ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ ሐኪሙን ጠይቆ በልኩ ይያዝ።

የእኛ ሰዓት ማለዳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉ፣ ሜዳማና ዛፍ ያጠላባቸው ናቸው። ከዚራ ላይ ያለ ሰው ወደ ለገሃሬ፣ ሳቢያን ያለው በሰፈሩ አስፋልት ጥላ እየመረጠ ይራመድ። ማለዳ ያልተመቸው ፀሐይ ከገባ በኋላ ይውጣ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሜዳማነቷም ለልብ ሕመምተኛ የተሰጠ ጸጋ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ሐረር መስመር የሚሄድ ሰው ግን በአጭር ጊዜ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ አየሩ ይሳሳል። በቅርቡ ታሞ የተነሳ ሰው እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያስብ ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። ለቅርብ መንገድ ባጃጅ መጥራትንም እንቀንስ። ከቤት እስከ ቀፊራ ገበያ ያለውን መንገድ በእግር መሄድ የቻለ ሰው የዕለት መድኃኒቱን ግማሽ ወሰደ ማለት ነው።

ስለ ጫት ሳልናገር ብወርድ አደራዬን አልተወጣሁም። በርጫ በድሬ ለብዙ ሰው የወዳጅነት፣ የንግድና የእርቅ ቦታ ነው፤ በዚህ የምወቅሰው ሰው የለም። ለልብ ሕመምተኛ ግን እውነቱን መንገር ግዴታዬ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ነው፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ልብን የሚመግቡትን የደም ሥሮችም ሊያኮማትር ይችላል። በየመን ሐኪሞች ያጠኑት ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ድንገተኛ የልብ ሕመም በአብዛኛው ዓለም የሚበዛው በማለዳ ነው። በየመን ጫት ቃሚዎች ላይ ግን ሰዓቱ ዞሮ ከሰዓት በኋላና ማምሻውን፣ ማለትም በመቃምና በምርቃና ሰዓት ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ በቃሙ መጠን አደጋውም እንደሚጨምር አይተዋል።

በዚያ ላይ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ሲጋራውና ሺሻው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ የሺሻ ቆይታ የሚሳበው ጭስ 100 ሲጋራ ከማጨስ ጋር ሊስተካከል ይችላል። አራትና አምስት ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ አለ፤ ምግብ ይዘለላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የማታው መድኃኒት ይረሳል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይከተላል። ልቡ አንዴ የቆሰለ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተሸክሞ ማደር አይችልም። ምክሬ ግልጽ ነው፦ ልባችሁን የታመማችሁ ጫቱንም ጭሱንም አቁሙ። ማቆም ያቃተው ደግሞ ለሐኪሙ አይደብቅ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ሳይቆጣ የሚያዳምጥ፣ በደረጃ የሚያግዝ መሆን አለበት። ሲጋራ ያቆመ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የተጨመረበት የልብ አደጋ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ ይታወቃል። ጓደኞቹም ድርሻ አላቸው። ወዳጃችሁ ከበርጫው ሲቀር ከወዳጅነቱ አይቅር፤ ፀሐይ ስትገባ ከቤቱ ውሰዱትና አብራችሁ ተራመዱ። ወሬው ያው ወሬ ነው፤ ክፍሉ ብቻ ይቀየር።

ወደ ማዕዱ እንግባ። ሽሯችን፣ ምስራችን፣ ጎመናችን፣ የጤፍና የማሽላ እንጀራችን ለልብ የሚስማሙ ናቸው። የሚያበላሻቸው ጨውና ዘይት ነው። ለአዋቂ የሚመከረው ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያልበለጠ ነው። በርበሬው ውስጥ ያለውን፣ ወጡ ላይ የሚነሰነሰውን፣ ወጥ ማጣፈጫ ኩቡንና ዳቦውን ስንደምር ብዙዎቻችን ከዚያ እናልፋለን። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በፈሳሽ የአትክልት ዘይት እንተካ፤ ቅቤውን ለበዓል እናቆየው። ሳምቡሳው፣ ሙሸበኩና ባቅላባው የድሬ ጣዕም መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የልብ ሕመምተኛና ስኳር ያለበት ሰው ግን አልፎ አልፎ ይቅመሳቸው እንጂ የየቀን ቁርሱ አያድርጋቸው። በሻይ ውስጥ ያለውን ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ብንቀንሰው ምላሳችን ይለምደዋል።

ጾምም አለ። በረመዳንም በዐቢይ ጾምም መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ማመቻቻ እንዳላቸው ሼኾቻችንና ቀሳውስቶቻችን ያውቃሉ፤ ከእነሱ አንደበት ሲሰማ ሕዝቡ ይቀበለዋል። መጾም የሚችል ሰውም የመድኃኒቱ ሰዓት እንዲስተካከልለት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጸበል የሚሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። እምነትና ክኒን ተጣልተው አያውቁም።

አሁን ብዙ የማይወራበትን ልናገር። ሞትን በቅርብ ያየ ሰው ይፈራል። ሌሊት ነቅቶ የልቡን ምት ያዳምጣል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ከደረሰባቸው አምስት ሰዎች አንዱ ያህል በከባድ ድብርት ይያዛል፤ የተደበረ ሰው ደግሞ መድኃኒቱንም እርምጃውንም ይተዋል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» እያልን አፉን አንዝጋው። ባልና ሚስትም ከሕመሙ በኋላ ወደ አልጋ ግንኙነታቸው መመለስን ይፈራሉ፤ ለመጠየቅም ያፍራሉ። ሐኪሞች የሚሰጡት ቀላል መመዘኛ አለ፦ ሁለት ፎቅ ደረጃ ደረቱን ሳያመው፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ መውጣት የቻለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስጋት መመለስ ይችላል። ይህንን ባለሙያው ሳይጠየቅ ቢናገር የብዙ ቤት ጭንቀት ይቀልላል።

ጥንቃቄውንም ያዙልኝ። ዕረፍት ላይ ሆናችሁ ደረት የሚያማችሁ ከሆነ፣ ትኩሳት ካላችሁ፣ ግፊታችሁ ከ180 በ110 በላይ ከሆነ በዚያ ቀን እንቅስቃሴ የለም። የልብ በር ጥበት ያለበት ሰው በልብ አልትራሳውንድ ሳይታይና ሳይፈቀድለት አይጀምር። በእንቅስቃሴ ላይ ደረታችሁን ከተጫናችሁ፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁ ወዲያው አቁሙ፤ በጥቂት ደቂቃ ካልለቀቀ ጠዋት እስኪነጋ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሂዱ። የልብ ድካም ያለባችሁ በየጠዋቱ ተመዘኑ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመራችሁ፣ እግራችሁ ካበጠ ወይም ሌሊት ትራስ ካልደራረባችሁ መተኛት ካቃታችሁ ውኃ እየያዛችሁ ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? መጀመሪያ የምጠይቀው ጤና ተቋማቱን ነው። በድል ጮራም ሆነ በሳቢያን ሆስፒታል ኮሪደር አለ፤ ወንበርና የግፊት መለኪያ አለ። በሳምንት ሁለት ጠዋት ለልብ ማገገሚያ ይመደብ፤ አንድ ነርስና አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይሠልጥኑ፤ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ የስድስት ደቂቃ እርምጃ በካርዱ ላይ ይመዝገብ። ከሆስፒታል የሚወጣ የልብ ሕመምተኛ ሁሉ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር የእርምጃ ማዘዣ ይሰጠው፦ ስንት ደቂቃ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በምን ሰዓት፣ መቼ እንደሚያቆም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ሲሄዱ ያን ወረቀት አይተው ይከታተሉት።

ቀጥሎ እድሮቻችንንና አፎሻዎቻችንን እጠይቃለሁ። አባል ሲሞት ድንኳን ለመትከል ይህን ያህል የተደራጀን ሰዎች አባል በሕይወት ሳለ አብሮት የሚራመድ ሰው ለመመደብ አያቅተንም። በአንድ ሰፈር አምስት የልብና የግፊት ሕመምተኞች ማለዳ ተጠራርተው ቢወጡ ቡድን ሆኑ ማለት ነው። በተለይ እናቶቻችን ብቻቸውን ለመራመድ የሚያፍሩት ወይም የሚሰጉት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲሆኑ ይደፍራሉ። በከተማችን ማስ ስፖርት በሚደረግባቸው ቀናት ለእነዚህ ሰዎች ቀስ ብሎ የሚሄድ የራሳቸው ምድብ ይኑራቸው።

የከተማውን አስተዳደር ደግሞ ጥላና የእግረኛ መንገድ እለምናለሁ። በሙቀት ከተማ ዛፍ የጤና ተቋም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለው በዝግ የሕዝብ ቦታ ውስጥ ማጨስ በተግባር ይቁም። አሠሪዎችም ታሞ የተነሳ ሠራተኛን «ከእንግዲህ አትሆንም» ብላችሁ አታሰናብቱ፤ ሐኪም በመጠነው ሥራ አስጀምሩት። ወደ ሥራ መመለስ የማገገም ትልቁ ክፍል ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀው ቤተሰቦችን ነው፤ ዛሬ ማታ ልትፈጽሙት የምትችሉት ነገርም ይህ ነው። ቤታችሁ የልብ ሕመምተኛ ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን «ምን ያህል ይራመድ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ተቀበሉ። ከዚያ «እንዳትነሳ» ማለቱን ተዉና «ና፣ አብረን እንሂድ» በሉት። የመጀመሪያው ቀን ከበር እስከ አጥር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በቂ ነው። ነገ ትንሽ ይጨመራል። የሕመምተኛውን ጉልበት የሚመልሰው ይህ አብሮ መራመድ ነው፤ ድሬዳዋም በሰው ፍቅር የምትታወቅ ከተማ ስለሆነች ይህንን ለመጀመር ከማንም አታንስም።

ፈጣሪ ለሁላችንም ጤና ይስጠን።